ያልወጡ ሰዎች ዝርዝር

የምሠራበት መሥሪያ ቤት ዲላ ውስጥ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ይገኛል። ሥራው ከጌዴኦ ዞን ወረዳዎች የሚመጣውን የቡና ናሙና ተቀብሎ መመዝገብ ነው። ናሙናው ከይርጋጨፌና ከኮቸሬ በትንንሽ ከረጢት ይመጣል፤ ይቆላል፣ ይቀመሳል፣ ደረጃው ይጻፋል። የሚጻፈው በደብተር ሳይሆን እኔ በምጠብቀው አንድ አሮጌ ሰርቨር ላይ ነው። ሰርቨሩ ዩኒክስ በሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ይሠራል፤ የሚኖረውም ቀድሞ የወረቀትና የካርቦን ማስቀመጫ በነበረች መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ ነው። ሠራተኞቹ በየጠረጴዛቸው ላይ ያላቸው ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ ሲሆን፣ ሁሉም በገመድ ከእኔ ክፍል ጋር ይገናኛል። እያንዳንዱ ጠዋት ስሙንና የይለፍ ቃሉን ጽፎ ይገባል፤ ማታ ሲሄድ ይወጣል።

ሰርቨሩ የገባውን ሰው ሁሉ በአንድ ትንሽ መዝገብ ላይ በአንድ መስመር ያሰፍራል፤ ስሙን፣ የገባበትን ቀንና ሰዓት፣ የገባበትን ጠረጴዛ። ሰውየው በሥርዓት ሲወጣ መስመሩ ይሰረዛል። ችግሩ መብራት ሲጠፋ ነው። የጠረጴዛው ስክሪን ወዲያው ይጨልማል፤ ሰርቨሩ ግን ባትሪ ስላለው ሥራውን ይቀጥላል። ሰውየው ተሰናብቶ አልወጣምና ስሙ እመዝገቡ ላይ እንደ ሰፈረ ይቀራል። መብራት ሲመጣ እንደገና ቢገባ አዲስ መስመር ይጻፍለታል እንጂ አሮጌው አይነካም። ስለዚህ በሰርቨሩ ዓይን አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሊገኝ፣ ከሄደ ሳምንት የሞላውም ገና ጠረጴዛው ላይ ሊሆን ይችላል። እነዚህን የሞቱ መስመሮች እየለየ የሚያጸዳ ፕሮግራም መጻፍ የእኔ ሥራ ነበር። ሃያ መስመር የማይሞላ ፕሮግራም ነው። በጊዜው አልጻፍሁትም።

መሥሪያ ቤቱን በተቀላቀልሁ በዓመቱ አዲስ ኃላፊ ከሌላ ዞን ተዛውረው መጡ። ሥርዓት የሚወዱ፣ አጀንዳቸውን ከብብታቸው የማይለዩ ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት የሰዓት ፊርማውን ደብተር አገላብጠው በአንድ እጅ የተጻፉ የአምስት ሰዎች ፊርማ አገኙና ለስብሰባ ጠሩን። እኔ እጄን አወጣሁ።

«ሰው ለሰው ይፈርማል» አልሁ፤ «ማሽን ግን ለማንም አይፈርምም። የገባውን ሰው ስም ሰርቨሩ እየያዘው ደብተር ለምን ያስፈልገናል?»

ኃላፊው አጀንዳቸውን ገልጠው «ማሽን ለማንም አይፈርምም» ብለው ጻፉ። ሲጽፉ አየሁ፤ ደስም አለኝ። የመብራቱን ነገር በዚያች ሰዓት አውቅ ነበር። ያልተናገርሁት የተዋበ ንግግሬ በአንድ «ነገር ግን» እንዳይበላሽብኝ ነው። ፕሮግራሙን በሳምንቱ ጽፌ ጉድለቱን እደፍነዋለሁ አልሁ። ሳምንቱ ወር ሆነ። በትርፍ ሰዓቴ ወፍራም መጻሕፍት አነብ ነበር፤ የገዛ መዝገቤን መጥረግ ግን ከክብሬ በታች የሆነ የመጥረጊያ ሥራ መስሎ ታየኝ።

ከዚያ በኋላ የፊርማው ደብተር ተነሣ። ኃላፊው በየጠዋቱ ወደ ክፍሌ ይደውላሉ። «እገሌ ገብቷል?» ይላሉ። እኔ ዝርዝሩን አይቼ «ገብቷል» ወይም «አልገባም» እላለሁ። ያልገባው በአጀንዳቸው «ቀሪ» ተብሎ ይጻፋል።

በዕድሜ እናቴ የምትሆን አንዲት የናሙና መዝጋቢ ነበረችን። ሁላችንም «እትዬ» እንላታለን። ዕድሜዋን በደብተር ስትመዘግብ ኖራ ወደ ስክሪን የተሻገረችው በእኔ አስተማሪነት ነው። የይለፍ ቃሏን ስትጽፍ ነጠላዋን በኪቦርዱና በእጆቿ ላይ ትጥላለች። ከጎኗ የሚቀመጠው ሌላው መዝጋቢ፣ አንደበቱ የማያርፍ የከተማ ልጅ፣ ይህን ባየ ቁጥር አያልፋትም።

«እትዬ፣ የመንግሥተ ሰማያት ቁልፍ ነው እንዴ?»

«ቢሆንስ ለአንተ እሰጣለሁ? ገብተህ ከመላእክት ጋር ቀልድ ልትጀምር» ትለዋለች፣ ነጠላዋን ሳታነሣ።

የናሙና ቁጥር ስትሳሳት ራሷ መጥታ ትነግረኝ ነበር። ማንም ያላየውን ስሕተት ይዞ ወደ እኔ ክፍል የሚመጣ ከእሷ በቀር አላውቅም።

ናሙና በሚበዛበት በኅዳር ወር አንድ ረፋድ ላይ መብራት ጠፋ። በእኛ መሥሪያ ቤት መብራት ሲጠፋ ሁሉም ወንበሩን ትቶ በረንዳ ላይ ይወጣል። ሰባቱም መዝጋቢዎች ወጥተው ፀሐይ እየሞቁ ሳለ አንድ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመና ቦት ጫማው በጭቃ የተለሰነ ጎልማሳ ወረደ። ወደ እትዬ ሄዶ ጎንበስ ብሎ በጌዴኡፋ በጆሮዋ ተናገረ። ቋንቋውን አልሰማም፤ እሷ ግን በደረጃው ላይ ቀስ ብላ ስትቀመጥ ምን እንደተነገራት ሁላችንም ገባን። ኮቸሬ ውስጥ፣ ሬኮ አካባቢ የሚኖሩት እናቷ ዐርፈዋል።

ባጃጁ ሳይመለስ አሳፈርናት። መነጽሯ እጠረጴዛዋ ላይ ቀርቷል። «ለኃላፊው ንገርልኝ» አለችው ባልደረባዋን።

«አንቺ ሂጂ፤ እኛ አለን» አላት። በዚያች ቀን አልቀለደም።

በእኛ ዘንድ ለለቅሶ የሚሄድ ሰው የፈቃድ ቅጽ አይሞላም። ቅጹ አለ፤ ግን እናቷ የሞተባትን ሴት «መጀመሪያ ፈርሚ» የሚል አንደበት የለም። ወሬው በአፍ ይሄዳል፣ ሰው ሁሉ ይሰማል። በማግሥቱ ሠራተኛው ተሰብስቦ መኪና ይዞ ሬኮ ደርሶ ለቅሶ ተቀመጠ። እኔ ሰርቨሩን ማን ይጠብቃል ብዬ ቀረሁ፤ ቀኑን ሳነብ ዋልሁ። ኃላፊው በዚያ ሳምንት ለስብሰባ ሐዋሳ ነበሩ። ሲመለሱ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ባልደረባዋ ሌሎቹ ነግረዋቸዋል ብሎ ገመተ፤ ሌሎቹ እሱ ነግሯቸዋል ብለው ገመቱ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለቅሶን የሚያህል ነገር አንድ ሰው ሳይሰማ ቀረ ብሎ ማሰብ ለማንም አልመጣለትም።

ከሄደች በአራተኛው ቀን ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

«የናሙና መዝጋቢዋ ገብታለች?»

ዝርዝሩን አወጣሁ። ስሟ ነበር። ከጎኑ የሰፈረው መብራት በጠፋባት በዚያች ቀን ጠዋት የገባችበት ሰዓት ነው። ከላይና ከታች የስድስቱ ባልደረቦቿ ስሞች በዚያው ቀን ተሰልፈዋል፤ እነሱ ግን መብራት ሲመጣ እንደገና ስለገቡ አዲስ መስመርም ነበራቸው፤ ስማቸው ሁለት ሁለት ጊዜ መውጣቱን በዚያው ሳምንት ነግሬያቸው ሲስቁ ነበር። የሞተውን መስመር ከሕያው ለመለየት ጥበብ አያስፈልግም ነበር። እትዬ ኮቸሬ እንዳለች አውቃለሁ። ቅጽ እንዳልሞላችም አውቃለሁ። «አልገባችም» ብል በኀዘኗ ላይ «ቀሪ» ትባላለች። ስሟ እንደሆነ ዝርዝሩ ላይ አለ። ደግ ሥራ መሰለኝ።

«ገብታለች» አልሁ።

ከወዲያ በኩል ወንበር ሲገፋ ሰማሁ።

«እኔ አሁን የቆምኩት ወንበሯ አጠገብ ነው» አሉ። «ባዶ ነው። ጎረቤቷ ኮቸሬ ለቅሶ ላይ ናት እያለኝ ነው። አንተ ገብታለች ትላለህ?»

እውነቱን ለመናገር የነበረኝ ምቹ ጊዜ ያ ነበር። ከዚያ በኋላ የነበሩት ሁሉ ከዚያ የከበዱ ናቸው። ነገር ግን «ልሸፍናት ብዬ ነው» ብል ሰው ለሰው ይፈርማል ብዬ የከሰስሁት እኔው ለሰው ፈርሜ መገኘቴ ነው። «ማሽኑ ተሳስቶ ነው» ብል ያ የተዋበው ንግግሬ ከአጀንዳቸው ላይ ይሰረዛል።

«ዝርዝሩ ላይ አለች» አልሁ።

«እንግዲያው በስሟ የገባ ሌላ ሰው አለ ማለት ነው። የይለፍ ቃሏን ሰጥታለች» አሉና ስልኩን ዘጉ።

በእኛ መሥሪያ ቤት የይለፍ ቃልን አሳልፎ መስጠት ቀላል ጥፋት አይደለም። በዚያ ቃል የአንድን አካባቢ ቡና ደረጃ ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተሰየመ፤ እትዬም ከለቅሶ ስትመለስ ገና ጠረጴዛዋ ሳትደርስ ከበሩ ላይ መጥሪያ ተሰጣት። ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ወደ መዝገብ ክፍሉ እንዳትገባ ተከለከለች።

ኮሚቴው ሊሰበሰብ በዋዜማው፣ ከምሳ በኋላ፣ ወራት ሙሉ ያቆየሁትን ፕሮግራም ቁጭ ብዬ ጻፍሁት። አሠራሩ ቀላል ነው። ሰርቨሩ ለገባ ሰው ሁሉ ቁጥር ያለው አንድ ሥራ ይከፍታል። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን መስመር ያነሣና «የዚህ ሰው ሥራ በሕይወት አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ካለ ያልፈዋል፤ ከሌለ መስመሩን ይሰርዛል። ትእዛዙን ሰጠሁት። በዚያች ቀን ጠዋት ተጽፈው የቀሩት ሰባቱም መስመሮች ጠፉ። ሰባት ሰዎች በአንድ መብራት መጥፋት ተይዘው መቅረታቸውን፣ እትዬም ከሰባቱ አንዷ ብቻ መሆኗን ሊያሳይ ይችል የነበረው ገጽ ይህ ነበር። ቀጥሎም የገቢና ወጪውን ታሪክ የሚይዘውን ሁለተኛውን መዝገብ ዲስኩ ሞልቷል በሚል ምክንያት ባዶ አደረግሁት። ዲስኩ አልሞላም ነበር።

ለራሴ ግን ጥገና እያደረግሁ ነው አልሁት። እንዲያውም ንጹሑን ዝርዝር ሳይ ቤቱን ጠርጎ እንደ ጨረሰ ሰው ደስ አለኝ።

በማግሥቱ በኮሚቴው ፊት እትዬ ጥቁር ለብሳ ተቀመጠች። ኃላፊው ሰብሳቢ ነበሩ፤ ከግራና ከቀኝ ሁለት አባላት አሉ።

«የይለፍ ቃልሽን ለማን ሰጠሽ?» አሏት።

«ለማንም አልሰጠሁም። መብራት ጠፋ፤ እናቴ ሞተች፤ ሄድኩ።»

«ኮቸሬ መሆንሽን አንክድም። ጥያቄው እሱ ነው። አንቺ ኮቸሬ ሆነሽ ስምሽ እዚህ ምን ይሠራል?»

«እኔ ማሽኑን አላውቀውም» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ልጄ ያውቃል። እሱ ይናገር።»

ዞራ ያየችኝ ያለ ጥርጣሬ ነበር፤ ገመድ ተነቅሎባት መጥቼ ስሰካላት እንደምታየኝ። ኃላፊው ብዕራቸውን አነሡ።

«ያልገባ ሰው ስም ዝርዝሩ ላይ ሊገኝ ይችላል?»

ሌሊቱን ያዘጋጀሁት ዐረፍተ ነገር ነበረኝ። በቋንቋ ረገድ እንከን አልነበረበትም።

«ሥርዓቱ በትክክል እየሠራ ከሆነ አይችልም» አልሁ።

«አሁን በትክክል ይሠራል?»

«ይሠራል።»

እውነት ነበር። ከትናንት ከሰዓት በኋላ ጀምሮ በትክክል ይሠራ ነበር። ኃላፊው በቃለ ጉባኤው ላይ የጻፉት «አይችልም» የሚለውን ብቻ ነው። ባልደረባዋ ለምስክርነት ተጠርቶ ስለ ነጠላዋ ሲናገር፣ «እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አንድ ፊደል አይቼ አላውቅም፤ ለማን ትሰጣለች?» ቢል እንደ ቀልድ ተቆጥሮ ታለፈ። ሁልጊዜ የሚቀልድ ሰው የምር ሲናገር የሚያምነው የለም። በመጨረሻም ለእትዬ ቃለ ጉባኤው እንድትፈርም ተሰጣት። አቅርባ አየችው፤ አርቃ አየችው። መነጽሯ እንዳትገባ በተከለከለችበት ክፍል፣ እጠረጴዛዋ ላይ ነበር። ሳታነበው ፈረመች።

ውሳኔው በሳምንቱ ወጣ። ከመዝጋቢነት ተነሥታ ከከተማው ጥግ ባለው መጋዘን፣ ጆንያ በሚራገፍበት፣ ረዳት እንድትሆን ተወሰነ። ምክንያቱ «የይለፍ ቃሏን ለሌላ ሰው አሳልፋ በመስጠቷ» ተብሎ በግል ማኅደሯ ውስጥ ገባ። ለእኔም በግልባጭ ደረሰኝ፤ ስሟ ከሰርቨሩ እንዲወገድ ያዝዛል። ትእዛዙን ጻፍሁ። ማሽኑ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ አልጠየቀኝም። ዩኒክስ እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም፤ የታዘዘውን ያደርጋል፣ ዝም ይላል።

መነጽሩ ለአዲስ ሠራተኛ ጠረጴዛው ሲለቀቅ ተገኘ። ባልደረባዋ አምጥቶ በእጄ አኖረው።

«አንተ ውሰድላት፣ ፕሮፌሰር» አለኝ። በማነበው መጽሐፍ የተነሣ የሚጠራኝ እንዲህ ነው። «ለቅሶም አልደረስካት። በአንድ ጉዞ ሁለቱንም ትጨርሳለህ።»

«ምን ብዬ እሄዳለሁ?»

«እሱን እንኳ መጽሐፍህን ጠይቀው።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሄድሁ። ቤቷ ከገበያው በታች፣ እንሰት በከበበው ግቢ ውስጥ ነው። ኪሴ ውስጥ መነጽሩና ለኃላፊው የጻፍሁት ሦስት ገጽ ደብዳቤ ነበሩ። ጥፋቴን የገለጥሁበት ደብዳቤ ነው፤ ከመስጠቴ በፊት እንድታየው ፈለግሁ። በእውነቱ የፈለግሁት ከበደሌ እንድትፈታኝ ነበር።

በመጋዘኑ አቧራ ድምፅዋ ሻክሯል። ለቅሶ ደራሽ እንደሚገባው ወንበር ሰጠችኝ። ቆጮና ጎመን አቀረበች። ዓይኗን ጨፍና ስለ ምግቡ ጸለየች፣ ስለ እንግዳውም ጸለየች፤ እኔ ዓይኔን ገልጬ የእጆቿን መሰንጠቅ አይ ነበር። ስንጨርስ መነጽሩን ሰጠኋት። በነጠላዋ ጫፍ ወልውላ አደረገችው። ደብዳቤውን ሰጠኋት። ሦስቱንም ገጽ ቀስ ብላ አነበበች።

«ሰባት ነበርን» አለች። «ያን ቀን መብራት የጠፋብን ሰባት ነን። ሌሎቹ ስድስቱ ስማቸው ሁለት ሁለት ጊዜ ወጥቶ እንደነበር ከአንተው አፍ ሰምተው ሲስቁ ነበር፤ ነግረውኛል።»

«ታውቂ ነበር?»

«ትናገራለህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እኔ ብናገር ለራሷ ብላ ነው ይሉኛል።»

«ፈራሁ፣ እትዬ።»

«ምን ፈራህ?» ድምፅዋ አልተነሣም። «አንተን ማን ያባርርሃል? በዚህ ከተማ ያን ማሽን የሚያውቅልን ሌላ ሰው የለ። ቢበዛ ይቆጡሃል።»

የተናገረችው ልክ ነው። በእኔ ላይ ሊደርስ የሚችለው ቁጣ ብቻ ነበር፤ ለዚያ ቁጣ ስል የሰጠሁት የእሷን ወንበርና ስም ነው። ከዚያ በፊት ይህን በዚህ ልክ መዝኜው አላውቅም።

ደብዳቤውን እንደገና ገልጣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ጣቷን አሳረፈች። «መዝገቡን ማጥፋቴ ምናልባት ለኮሚቴው ውሳኔ አስተዋጽኦ አድርጎ ሊሆን ይችላል» የሚል ነበር።

«ይቺን ‹ምናልባት› ምን አመጣት?» አለች።

ብዕር አውጥቼ ሰረዝኋት። ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝ። «ለእኔ አይደለም፤ ለእነሱ ስጥ» አለች፤ እስከ አጥሩም ሸኘችኝ። ያን ቀን አንድ ጊዜም «ልጄ» አላለችኝም።

ሰኞ ጠዋት ደብዳቤውን ለኃላፊው ሰጠሁ። ፊታቸው ቆሜ እያለሁ እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«ጽሑፍህ ጥሩ ነው» አሉ። «ግን ውሳኔው ወጥቷል፤ ወደ በላይ አካልም ተልኳል። አሁን ተሳስተን ነበር ብንል መሥሪያ ቤቱ ምን ይባላል?»

«እሷ ግን አላጠፋችም።»

«ማሽኑ ተስተካክሏል ብለሃል።»

«ተስተካክሏል።»

«እንግዲያው ከእንግዲህ በማንም ላይ አይደርስም ማለት ነው። አንተም ወጣት ነህ፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ በማኅደርህ ውስጥ አያምርም።» ደብዳቤውን አጥፈው መልሰው ሰጡኝ። ሊቆጡኝም አልፈቀዱም። «ለማንም አይፈርምም ያልከኝን እኔ ከላይ ድረስ ተናግሬዋለሁ» አሉ፣ ዝግ ብለው።

ደብዳቤውን ዳግመኛ በመዝገብ ቤት በኩል አስገባሁት። የገቢ ማኅተም ተመታበት፤ ቁጥር ተሰጠው። መልስ እስከ ዛሬ አልመጣም።

ፕሮግራሙ ዛሬም በየዐሥር ደቂቃው ይሠራል። እያንዳንዱን መስመር ጠይቆ በሕይወት የሌለውን ይሰርዛል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ዝርዝሩ ወዲያው ንጹሕ ይሆናል። የእትዬ ማኅደር ግን የሚገኘው በሰው ሀብት ክፍል በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ እኔ የምጽፈው ፕሮግራም እዚያ አይደርስም። ኃላፊው አሁንም በየጠዋቱ «እገሌ ገብቷል?» ብለው ይደውላሉ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እነሣለሁ፤ ኮሪደሩን እስከ መዝገብ ክፍሉ እሄዳለሁ፤ ወንበሩን በዓይኔ አይቼ ተመልሼ እነግራቸዋለሁ።

«ምን ያቆይሃል? ከፊትህ አይደለም እንዴ ዝርዝሩ?» ይላሉ።

«ነው» እላለሁ። በማግሥቱም እንደዚያው ተነሥቼ እሄዳለሁ። በእሷ ወንበር ላይ አሁን ሌላ ሴት ተቀምጣለች፤ የይለፍ ቃሏን በቢጫ ወረቀት ጽፋ እስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጥፋዋለች፤ የሚከሳት የለም።